ቀይ ሲሆን የዳነ ይመስላል

ሥራ ያቆምኩት በፈረንጆች 2022 መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ሁሉ የኮሮና መዘጋት በኋላ በተከፈቱበት ሰሞን ነው። የልጅ ልጆቼ ያጠረባቸውን ዩኒፎርም ለብሰው ሲወጡ እኔ ጋውኔን አጥቤ አስረከብኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ጉልበቷ ደክሞ ነው ይላሉ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም፤ እዚህ ካምፓላ ከናሙዎንጎ ሰፈር የሙየንጋን ዳገት እስከ ዛሬ ከወጣቶቹ እኩል እወጣዋለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ዓመት የሰው አፍ ሳይ ኖሬ፣ ከዚያ ሁሉ አፍ አንዱ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው። የእሱን ነገር ለመናገር ግን መጀመሪያ ሥራውን መናገር አለብኝ።

ካምፓላ የመጣሁት ከባሌ ጋር ነው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጆቻችን ሳያድጉ ሞተ። እኔ ካባላጋላ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥብ ነበር። ሉጋንዳ የተማርኩት እዚያው ከሌሎቹ አጣቢዎች ጋር ስጨቃጨቅ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደ ነገሩ መጣ። አንድ ቀን ከጅማ የመጣ እንግዳ ጉንጩ አብጦ አገኘሁትና ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩት። ከአማርኛና ከኦሮምኛ ሌላ አያውቅም ነበርና መሃል ቆሜ አስተረጎምኩለት። ጥርሱ ተነቅሎ ሲያልቅ የተሠራበትን ዕቃ ማንም ሳያዘኝ ሰብስቤ ወደ ማጠቢያው ስሄድ ሐኪሙ አዩኝና «ጃጃ፣ ነገም ትመጫለሽ?» አሉኝ። ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። ያኔ የልጅ ልጅ አልነበረኝም፤ ፊቴ ከዕድሜዬ ቀድሞ ነበር መሰለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ዕቃ እቀቅላለሁ፣ መብራት እይዛለሁ፣ ጉንጭ ገለጥ አድርጌ እቆማለሁ፣ የአገሬ ሰው ሲመጣ አስተረጉማለሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ልጆቼ በልተው አድረዋል።

ክሊኒኩ ከናሙዎንጎ ወደ ሙየንጋ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ከታች የቆርቆሮ ቤት ሰዎች፣ ከላይ ባለ ትልልቅ ግቢዎቹ ይመጡበታል። ባለቤቱ ሐኪም አልነበረም፣ ነጋዴ ነበር፤ በሩ ላይ መኪና ከቆመ ለእሱ ተራ የሚባል ነገር አይኖርም። መጀመሪያ የተጣላነውም በዚሁ ነው። ካሳቫ የሚሸጥ አንድ ሰው መንጋጋውን በሻሽ አስሮ ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አንዲት ሴትዮ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች ገባችና ቀጥታ ወደ ውስጥ አመራች። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጃጃ፣ አሳልፊያት፣ ትቸኩላለች» አለ ባለቤቱ።

«እሱም ይቸኩላል። ካሳቫው ፀሐይ ላይ ነው።»

«አንቺን የቀጠርኩሽ ዕቃ እንድታጥቢ ነው።»

«ዕቃው ታጥቧል። ካላመኑ ገብተው ይዩት።»

ከውስጥ የሐኪሙ ሳቅ ተሰማ። «የካሳቫው ሰውዬ ይግባ» ብለው ጠሩ። ባለቤቱ ብዙ ቀን አላናገረኝም። ሴትዮዋ ግን ተራዋን ጠብቃ ታከመች፤ ኋላም ከእኔ በቀር ሌላ ሰው መብራት እንዲይዝላት አትፈልግም ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ካቶ ይባላሉ። ጸጉራቸው የነጣ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ጓንት ከማጥለቃቸው በፊት በሽተኛውን ያጫውቱታል፤ ጓንት ያየ ሰው ጆሮው ይዘጋል ይሉ ነበር። ትንሿን መስታወት ሞቅ ባለ ውሃ ሳይነክሩ አፍ ውስጥ አያስገቧትም፤ አለዚያ ትንፋሽ ያደበዝዛታል። ጥርስ ሊነቀል የመጣውን ሰው እንኳ መላ አፉን ሳያዩ አይነኩትም። ከንፈር፣ የጉንጭ ውስጥ፣ ላንቃ፣ ከዚያ ምላስን ጋዝ በሚባለው ስስ የቁስል ጨርቅ ይዘው ወደ ውጭ ሳብ፣ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ በመጨረሻ ከምላስ ሥር። ሁልጊዜ በዚሁ ተራ። መብራቱን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ እጄ ውሎ አድሮ ከዓይናቸው ጋር አብሮ መሄድ ለመደ።

«ለምን ያመመውን ብቻ አያዩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«ያመመውንማ እሱ ራሱ ነግሮኛል። እኔ የምፈልገው ያልነገረኝን ነው።»

ነጭ ነገር ካዩ በጋዝ ጨርቅ ይጠርጉታል። ከተነሳ ብዙም አያስጨንቃቸውም። ካልተነሳ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን እኔ አውቀዋለሁ። ቀይ ነገር ካዩ ደግሞ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ይጫኑበታል። ሲጫኑት ቅላቱ ይጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። «ይሄ ደም ነው፤ ደግሞ የፈሰሰ ደም አይደለም፣ ገና ሥሩ ውስጥ ነው» ይሉኝ ነበር። ክፉ ወሬ የሚናገሩ ከሆነ ቆመው አይናገሩም፤ ክብ በርጩማቸውን ስበው ከበሽተኛው ጉልበት ጋር ጉልበታቸውን አጋጥመው ይቀመጣሉ። በርጩማው ሲጎተት ከሰማሁ ሥራዬን አቁሜ አጠገባቸው እቆማለሁ።

ቢሯቸው ውስጥ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበራቸው። ከሰው አፍ የተቆረጠ ቁራጭ ላቦራቶሪ ሄዶ፣ በስስ ተከትፎና ቀለም ጠጥቶ በብርጭቆ ላይ ሲመለስ እሳቸውም ደግመው ያዩታል። ዝናብ ሰው ባስቀረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና ዓይኔን አስጠግቼ እንዳይ አደረጉኝ። መጀመሪያ ያሳዩኝ ከነጭ ምልክት ላይ የተወሰደ ነው። ከላይ እንደ ግድግዳ የተደረደረ ነገር፣ ከሥሩ እዚህም እዚያም ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በጨዋ ደንብ ተራርቀው። ከዚያ ሌላ ብርጭቆ ቀየሩ። ይሄኛው ካንሰር የሆነ ነው። ግድግዳው ፈርሷል። የደም ሥሮቹ በዝተው፣ ተጣመው፣ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ አንዳንዶቹም የትም ሳይደርሱ ቀርተዋል።

«ይሄ ነገር ትንሽ ሳለ ከጎረቤት በሚንጠባጠብለት ይኖራል» አሉኝ። «ማደግ ሲፈልግ ያ አይበቃውም። ስለዚህ የደም ሥሮቹን ይጠራል። ቅርንጫፍ እያወጡ ወደ እሱ ይመጣሉ። እነሱ ከመጡለት በኋላ ነው የሚያስፈራው።»

«እኛ ሰፈር ሽቦ እንደሚጠልፉት» አልኩ። ናሙዎንጎ ውስጥ ከመብራት መስመሩ በድብቅ ሽቦ ስቦ ቤቱን የሚያበራ ሰው ሞልቷል።

ሳቁ። «እንደዚያው ነው። የተጠለፈ መስመር ስለሆነ አሠራሩም የችኮላ ነው። ያፈሳል። ትንሽ ሲነኩት ይደማል። ነጭ የነበረ ቦታ ቀይ ሲሆን ካየሽ፣ ጃጃ፣ ከነጩ ይልቅ እሱን ፍሪ።»

«ሽቦ የሚጠልፈውስ ድሃ ሆኖ ነው። ይሄ ምን ጎደለውና?»

«ምንም አልጎደለው። ድርሻውን አያውቅም።»

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጠልቻለሁ፤ ተራ የሚሰብር ሰው፣ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ፣ የሞተ ወንድሙን ቤት የሚቀማ። ያን ቀን ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ስል አንድ ጨመርኩ።

ሰይድን ከበሽታው በፊት አውቀዋለሁ። የወሎ ልጅ ነው፤ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። እዚያ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ሸክሙና ሰዉ ይተሻሻል፤ የሰይድ ድምፅ ግን ከሁሉ በላይ ይሰማል። በአማርኛ ይጀምርና በሉጋንዳ ይጨርሳል፤ ከኮንጎ ለሚመጡት ስዋሂሊ ያክልበታል። ሁሉም ግን የገበያ ቋንቋ ነው፤ ከዋጋ ካለፈ አስተርጓሚ ይፈልጋል። እኔን ካየ አያሳልፈኝም።

«እትዬ አስካለ፣ ሳትገዢኝ ካለፍሽ ውርጭ ይምታሽ።»

«ካምፓላ ውርጭ የመጣ ቀን ሁለት ከአንተ እገዛለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል፣ በትንሽ ላስቲክ የሚሸጠውን የሚታኘክ ትምባሆ ምላሱና ጥርሱ መሃል ይወሽቃል። የተከለከለ ነው ይባላል፤ ግን እንደ ማስቲካ በየመተላለፊያው ይሸጣል። በ2020 መጀመሪያ፣ አገሩ ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ የተሰበረ ጥርስ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ዶክተር ካቶ እንደ ልማዳቸው ከከንፈር ጀመሩ። ምላሱን ስበው ወደ ግራ ሲያዞሩት ከጎኑ የጥፍር ያህል ነጭ ነገር አየን። ጠረጉት። አልተነሳም። ዝም አሉ።

ከነጩ ላይ ትንሽ ቆርጠው ወሰዱ፤ በጠርሙስ ይዤ ላቦራቶሪ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መልሱ ሲመጣ በርጩማው ተጎተተ።

«ካንሰር አይደለም» አሉት። «ግን ወደዚያ መንገድ ጀምሯል። ትምባሆውን ዛሬውኑ ያቁሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነጩን በሙሉ አነሳዋለሁ።»

እንዳሉት አስተረጎምኩ። ሰይድ ሳቀ። «አይደለም ካሉ አይደለም ነዋ።»

«ገና አይደለም ነው ያሉህ። እየመረጥክ አትስማ።»

«ወላሂ ትቼዋለሁ» አለና ከኪሱ ያችን ላስቲክ አውጥቶ የክሊኒኩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣላት። ቀጠሮው በመጋቢት መጨረሻ ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፣ የግል መኪናም ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ክሊኒካችን ተዘጋ። ዶክተር ካቶ ኢንቴቤ ቤታቸው ቀሩ። ሰይድና ሚስቱ ዘይነብ የሚኖሩት ናንሳና ነው፣ ከተማውን አልፎ በወዲያ በኩል። ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል ተባለ፤ ግን ሰይድ ምን ብሎ ይጠይቅ? አያመውም፣ አይደማም፣ ይበላል፣ ይጮሃል። ከእኔ ቤት ሆኜ ወደ ሙየንጋ የሚወጡ መኪናዎች ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ፈቃድ ያገኘው ይሄዳል። ሌላው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ቤቱ ይቀመጣል።

ዘይነብ ጨዋና ትጉ ሴት ናት። ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር እያሸች በየቀኑ ምላሱን ትቀባው ነበር። ታክሲ እንደገና መሥራት በጀመረበት ሰሞን ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

«እማማ፣ የምሥራች ልንገርዎ። ያ ነጭ ነገር ጠፋ።»

«በምትኩ ምን ሆነ?»

«ቀይ ሆነ። ሥጋው ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ።»

እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ቁስል ሲነጣና ሲገረጣ ይፈራል፤ ሲቀላ ሥጋ ያዘ ይባላል። ከሕመም የተነሳን ሰው ፊቱ ደም መሰለ ስንል ዳነ ማለታችን ነው። ለእግር ቁስል እናቶቻችን ልክ ናቸው፤ እኔም የልጆቼን ጉልበት በዚሁ ዓይን አይቼ አሳድጌያለሁ። ለዶክተር ካቶ ስደውልላቸው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፤ «አምጪው።»

ሰይድን በስልክ ለመንኩት። ሱቅ ተከፍቷል፣ ዕቃ ሊገባ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አለኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ሲያልፍ በታክሲ ናንሳና ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አፉን አስከፈትኩት። ነጩ እውነትም የለም። በቦታው እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ደማቅ ቀይ ነገር ተዘርግቷል፤ ከበፊቱም ሰፍቷል። ጣቴን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ነካ አደረግኩት። ጨርቁ ደም ያዘ።

«አየህ?»

«እርስዎ ስለነኩት ነው እንጂ እማማ፣ ደምቶም አያውቅ» አለች ዘይነብ።

«ሰይድ፣ ይሄ መዳን አይደለም። ያ ነገር ለራሱ የደም ሥር እየሳበ ነው። ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ።»

«እትዬ፣ ነጭ ሲሆን ክፉ ነው አላችሁ። ቀይ ሲሆንም ክፉ ነው አላችሁ። ምናልባት አረንጓዴ ሲሆን ትምሩኝ ይሆናል።»

ዘይነብ ሳቀች። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ትምባሆውስ?»

«ትቻለሁ አልኩሽ።» ዘይነብ ወደ መሬት አየች።

«እኔ በየቀኑ አየዋለሁ» አለችኝ ኋላ በሩ ድረስ ስትሸኘኝ። «ከነጭ ወደ ሥጋ መልክ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሂድ ብዬ ከሱቁ ባስቀረውና ምንም ባይሆን ምን ይለኛል? እናቴ የእግሬን ቁስል በዚሁ ማር ነው ያዳነችው።»

«እናትሽ ያዳነችው እግርሽን ነው።»

ተቀየመችኝ። እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስደውል አንዳንዴ ያነሳል፣ አንዳንዴ ይተወዋል፣ በመጨረሻ ጭራሽ ማንሳቱን ተወ።

በኅዳር ወር በራሱ እግር መጣ። አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ያ ድምፁ ወርዶ። ጆሮውን ያመዋል፣ ምላሱ አልታጠፍ ብሎታል፣ አንገቱ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ወጥቷል። ዶክተር ካቶ መስታወቷን ሞቅ ባለው ውሃ ነከሩ፣ አዩ፣ ምላሱን ከሥሩ ዳሰሱ። እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ።

መልሱ በሚነገርበት ቀን በኮሮናው ዘመን ደንብ ከበሽተኛው ጋር አንድ ሰው ብቻ ይገባል። እኔ ማስተርጎም ስላለብኝ ዘይነብ ከግቢው በር ውጭ ቀረች። የሰይድ ታላቅ ወንድም ከማል ግን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መንገዱ ላይ ጠበቀኝ።

«እማማ፣ እርስዎ የእኛው ሰው ነዎት» አለኝ። «ዶክተሩ ክፉ ነገር ከተናገረ ለእሱ ቁስሉ አመርቅዟል ይበሉት። እውነቱን ለእኛ ይንገሩን። ቀስ ብለን፣ በአገራችን ወግ፣ እኛ እናሳውቀዋለን።»

«መቼ?»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«ምላሱን ሊቆርጡት ሲያጋድሙት ነው ጊዜው?»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ሰውን በሽታ ሳይሆን ወሬ ነው የሚገድለው፣ እህቴ» አሉኝ።

«አባቴ፣ አፉ የእሱ ነው። የአፉም ወሬ የእሱ ነው። እኔ መሃል የቆምኩ ሰው ነኝ፤ የተሰጠኝን አደርሳለሁ። ከዚያ ላይ ቆንጥሬ ብወስድ ሌብነት ነው።»

ጥለውኝ ሊሄዱ ፈልገው ነበር፣ አልሄዱም። እኔ ገባሁ። በርጩማው ተጎተተ። ዶክተር ካቶ ሁሉንም ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደሚቆረጥ። አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ሰይድ፣ «ጠይቂልኝ» አለ። «የቀላ ጊዜ መጥቼ ቢሆንስ?»

ጠየቅኩ። ዶክተር ካቶ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ያኔ የምንቆርጠው ትንሽ ነበር። ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም። ግን በጣም ይቀለን ነበር።»

ይህንንም እንዳለ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየ። ዘይነብ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«እሷ ሰማች?» አለኝ።

«አልሰማችም።»

ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በፈረንጆች አዲስ ዓመት መግቢያ የምላሱን እኩሌታና ከአንገቱ እጢ አወጡለት። ሲነቃ ንግግሩ ለማንም የማይገባ ሆነ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አፋቸው በጋዝ ጨርቅ የተሞላ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ የኖርኩ ነኝ፤ ከጉሮሮና ከከንፈሩ ለቅሜ እረዳዋለሁ። ዘይነብ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ሆና «ምን አለ?» ትለኛለች፣ እነግራታለሁ። ራበኝ አለ። መስኮቱን ዝጊው አለ። ከማል ብርድ ልብሱን በርካሽ እየሸጠ ነው አለ።

አንድ ቀን ለእኔ፣ «እትዬ፣ አሁን ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሆነ ሥራሽ። ለዚህስ ስንት ትጠይቂያለሽ?» አለኝ።

«ሁለት ብርድ ልብስ» አልኩት። በአፍንጫው ሳቀ፤ ሲስቅ ስፌቱ ስላመመው ዓይኑን ጨፈነ።

በጨረር ሕክምና ሲመላለስ ቆየ። በሰኔ 2021 መንገዱ ዳግመኛ ሲዘጋ ተቆራረጠበት። ከነሐሴ በኋላ አንገቱ በሌላ በኩል አበጠ። ዶክተር ካቶን ጠየቅኳቸው።

«እነዚያን የደም ሥሮች የሚያስቆም መድኃኒት የለም? መስመሩን መቁረጥ አይቻልም?»

«አለ። ለሌላ ካንሰር ይጠቅማል። ለአፍ ካንሰር ግን ተስፋ እንደተደረገበት አልሆነም።»

«ሙየንጋ ለሚኖረውስ?»

«ሙየንጋ ለሚኖረውም፣ ጃጃ።»

እኩል መሆን ሳያስደስተኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልተባለውን ተባለ ያልኩት አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩ ውስጥ በሁለት ሰዎች መሃል ቆሜ «እንዲህ ይላሉ» ለማለት አፌን ስከፍት ቃሉ ይይዘኝ ጀመር። በሽተኛው አያውቅም፣ ሐኪሙም አያውቁም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጋውኑን ያስረከብኩት።

ሰይድ ሊሞት በተቃረበበት ሳምንት ናንሳና ሄድኩ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነበር። የሚበላው በቱቦ ነው፤ ውሃ በአፉ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ሆኖታል፣ ሲውጥ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ዘይነብ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠርጋለት ስታበቃ ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከማል እንደነገረኝ እርስዎ የተባለውን አይለውጡም። እንግዲህ ይንገሩኝ። ያኔ ሲቀላ፣ ዳነ ብዬ ያስቀረሁት ጊዜ፣ ሐኪም ዘንድ መሄጃው ያ ነበር? በእኔ ነው?»

መልሱ ነበረኝ። በልቤ ስንት ጊዜ ሳካፍለው ከርሜያለሁ። ለተዘጋው መንገድ ይሄን ያህል፣ ለሚሸጠው ትምባሆ ይሄን ያህል፣ ለሱቁ፣ ለራሱ ለሰይድ ግትርነት፣ ከሁሉ ያነሰውን ለእሷ። ድርሻዋን ብቻ፣ ከድርሻዋ ሳላስበልጥ ልነግራት ነበር። ፍትሕ ያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሰይድ ከአልጋው ተናገረ። ድምፁ ከጉሮሮው ሥር ተፍቆ የወጣ ነበር። እኔን እያየ ነው የተናገረው።

«አትንገሪያት። ይሄን ይዛ አትኑር።»

ዘይነብ ጎንበስ አለች። «ምን አለ? እማማ፣ ምን አለ?»

እሱ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

«ውሃ ስጪኝ ነው የሚለው» አልኩ።

ፊቷ በራ። በአፉ የሚገባ ነገር ከጠየቃት ስንት ጊዜው ነበር። ፎጣውን ጥላ ተነሳች፣ ብርጭቆ አጠበች፣ ቀድታ መጣች። ሰይድ በሁለት እጁ ተቀበላት። ሲውጥ የአንገቱ ሥሮች ሁሉ ተገተሩ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ግማሹ ውሃ በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። እሷ በእጇ እየጠረገች «ቀስ፣ ቀስ በል፣ ማንም አይሻማህም» ትለዋለች። እስከ ጭላጩ ድረስ ጠጣው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ እሷ ዘርግቶ እንድትጨምርለት ጠበቀ።